እሪታው ከመሰማቱ በፊት ልንነጋገርበት የሚገባን

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ከከተማው ጠርዝ ወደ ውሰታ ወንዝ በሚወርድ አንድ ሰፈር ስለደረሰብን ነገር ነው። እዚያ ትንሽ ሱቅ አለኝ፤ የእድራችንም ጸሐፊ ነኝ። በ2010 ክረምት የጀመረው ስርቆት ሰፈሩን እንቅልፍ ነሳው፤ ኋላም አንድ ምንም የማያውቅ ልጅ በሰፈሩ ሰው እጅ ሊሞት ለጥቂት ተረፈ። ራሳችንን መጠበቅ የተማርነው ከዚያ በኋላ ነው። ባለፈው ሰሞን እህቴ ከፍኖተ ሰላም ደውላ «እኛም ሰፈር ጀምሯል፤ እናንተ እንዴት ነበር ያደረጋችሁት?» አለችኝ። ነገሩ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ አልሆነልኝም። እሷም እንድታነበው፣ ሌላውም እንዲጠቀምበት ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የሚጠፋው ትንሽ ትንሹ ነበር። ከሽቦ ላይ ልብስ፣ ከጓሮ ዶሮ፣ ደጅ ላይ የተረሳ መጥረቢያ። ሁሉም በየቤቱ «ልጆች ይሆናሉ» ብሎ ያልፈዋል። ዶሮ ጠፋችብኝ ብሎ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ሰው ያፍራል፤ ለጎረቤት መናገርም ጎረቤትን መጠርጠር ይመስላል። ቀጥሎ ከአንዱ ግቢ የቆጣሪ ገመድ ተቆርጦ ሄደ፣ ከሌላው የውሃ ፓምፕ ከጉድጓዱ ላይ ተፈታ፣ ከማድ ቤት ድስትና በርሜል ወጣ። ነሐሴ ላይ የእኔም ሱቅ በጀርባ በኩል ቆርቆሮው ተነቅሎ ዘይቱ፣ ስኳሩና የዕለቱ ገንዘብ ተወሰደ። ጠዋት «እግዜር ይተካልሽ» ሊለኝ ደጃፌ ላይ የተሰበሰበው ሰው አንዱ ከሌላው እየተቀበለ የራሱን ማውራት ሲጀምር ነው የገባን፤ ለካ ግማሹ ሰፈር ተሰርቆ ዝም ብሎ ኖሯል።

የዚያን ዕለት በእድሩ መዝገብ ጀርባ አንድ ገጽ ከፈትኩ። ምን ጠፋ፣ በስንት ሰዓት ገደማ፣ ሌባው በየት ገባ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ነበር ወይ፣ ዝናብ ነበር ወይ፤ የተሰረቀውን ሁሉ እየጠራሁ ይህን ጻፍኩ። ሰፈራችሁ ውስጥ ስርቆት ከጀመረ ከመቆለፊያም ከአጥርም በፊት ይህን አድርጉ እላለሁ። ገጹ ሲሞላ ሌባው የሚሠራበት መንገድ ራሱ ፍንትው ብሎ ይታያችኋል።

እኛ ያየነውን ልንገራችሁ። አንደኛው ዝናቡ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የማርቆስ ዝናብ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተኛ ሰው እንኳ አይሰማማም። ሚስማር ሲነቀል፣ ጓጉንቸር ሲሰበር ማን ይሰማል? ከተመዘገበው አብዛኛው የጠፋው ዶፍ በጣለበት ሌሊት ነበር። ስለዚህ በክረምት «ድምፅ እሰማለሁ» ብሎ መተኛት ዋጋ የለውም። ቆርቆሮው ከውጭ በሚስማር ብቻ የተያዘ ከሆነ ከውስጥ በኩል አግዳሚ እንጨት ምቱበት፤ የበሩ ማጠፊያ ብሎን ወደ ውጭ የሚታይ ከሆነም ቀይሩት። ሌባ በሩን ከመስበር ይልቅ ማጠፊያውን መፍታት ይቀለዋል።

ሁለተኛውን ያስተዋለችው ባለቤቷ በቅርቡ ያረፈባት ጎረቤቴ ናት። «ቀብር የሄድን ቀን ነው እኮ የሚጠፋው» አለች። መዝገቡን ስናየው እውነቷን ነበር። የእድር ጥሩምባ ነፊ ማለዳ «የእድርተኛ!» እያለ ሲዞር ቀብሩ በስንት ሰዓትና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ ለሁሉም ይናገራል። ሌባውም ይሰማል። በዚያ ሰዓት ማንም ቤቱ እንደማይኖር ያውቃል፤ የቀረ ይቀጣልና። ፍልሰታም እንደዚሁ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ቅዳሴ ሁሉም ነጠላውን አጣፍቶ ሲወጣ ሰፈሩ ወና ይሆናል። የጥምቀት ዕለትም ታቦት ሸኝተን ስንመለስ ያገኘነው የተከፈተ በር ነበር።

ሦስተኛው ደግሞ አጠና ነው። ቤት ሊሠራ ያሰበ ሰው የባሕር ዛፍ አጠናውን ከአጥሩ ውጭ ደርድሮ ያስደግፋል። ያ ለሌባ መሰላል ነው፤ የጎረቤቱን ግቢ ሳይቀር ያስገባዋል። ውሻ ደግሞ ካለ ምክንያት ሞቶ ከተገኘ ነገሩን በቀላሉ አትለፉት። ሁለት ቤት ውሻ ተመርዞ ከሞተ በኋላ ነበር ሌባው የገባው።

ይህን ሁሉ ግን ያኔ አንድ ላይ አልተጠቀምንበትም። እያንዳንዱ ለየራሱ ሮጠ። አቅም ያለው አጥሩን ከፍ አደረገ፣ አናቱ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ተከለ። የሌለው ተጋለጠ፤ ሌባው ወደ እነሱ ዞረና የድሃዎቹን ቤት ደጋገመው። ገንዘብ አዋጥተን አንድ ዘበኛ ቀጠርን፤ እሱም መንገዱ ረጅም፣ መብራቱ የጠፋ፣ ሰውየው ብቻውን። ደመወዙን ማን ከፈለ ማን አልከፈለ በሚል ጭቅጭቅ ቀረ።

ቁጣው እያደር ተጠራቀመ። ጠላ ቤትም፣ ወፍጮ ቤትም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም የሚወራው አንድ ነው፦ «አንድ ቀን እጃችን ይገባል፤ ከዚህ ሰፈር በእግሩ አይወጣም»። እንዲህ ያለ ንግግር ሰፈራችሁ ውስጥ ሲበዛ ከሰማችሁ ከስርቆቱ የባሰ ነገር እየመጣ መሆኑን እወቁ። እኛ ዘንድ የመጣው እንዲህ ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ከገጠር የመጡ ተማሪዎች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደየቀያቸው ይሄዳሉ፣ እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። አንዱ ከስናን በኩል፣ ከረቡዕ ገበያ አካባቢ የመጣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጅ ነበር። በዚያ እሑድ ድንች በጫነ አይሱዙ ላይ ለምኖ ተሳፈረ፤ መኪናው ጭቃ ይዞት አመሸና ልጁ ከተማ የደረሰው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። በማዳበሪያ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆሎና ድንች ተሸክሟል። የአከራዩን ቆርቆሮ በር ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፤ እሳቸው አርጅተዋል፣ አልሰሙትም። አጥሩን ተጠግቶ በመስኮታቸው በኩል ሊጣራ ሲሞክር ውሻ ጮኸ፣ አንድ ሰው ባትሪ አበራ፣ ከዚያ «ሌባ! ሌባ!» የሚል እሪታ ተነሣ።

ልጁ ሮጠ። ኋላ ሲጠየቅ «ሌባ ያሉት ሌላ ሰው መስሎኝ፣ እሱ መጥቶብኝ መስሎኝ ሮጥሁ» ነው ያለው። ሰው ግን መሮጡን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። ማዳበሪያውንም አየ። ከየቤቱ ዱላም ድንጋይም ይዞ የወጣው ሰው ቁልቁለቱ ላይ ደረሰበት።

እኔ ስደርስ መሬት ላይ ነበር። ማንም «ማነህ?» ብሎ አልጠየቀውም። እሱ «ተማሪ ነኝ» እያለ ይጮኻል፤ ከእሪታው ብዛት ቃሉ አይለይም። ያዳኑት አከራዩ ናቸው። ጠላ ጠምቀው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ኩራዝ ይዘው ሲወጡ ማዳበሪያው የታሰረበትን ገመድ አወቁት፤ የሳቸው የራሳቸው የጥጥ ገመድ ነበር። «የኔ ልጅ ነው! ተከራዬ ነው! እኔን ምቱ!» እያሉ ላዩ ላይ ወደቁበት። ያኔ ነው ዱላው የቆመው። ክንዱ ተሰብሯል፣ ራሱ ተፈንክቷል። በቃሬዛ ሆስፒታል አደረስነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ።

ሌላው ሁሌም የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ሰፈሩ ሙሉ ልጁን ከቦ በነበረበት በዚያው ሰዓት፣ ከላይኛው መንገድ አንድ በሩን ክፍት ጥሎ ወደ እሪታው ከሮጠ ሰው ቤት ቴሌቪዥንና የሲሊንደር ምድጃ ተወሰደ። ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ሲከማች ሰፈሩ ባዶ ይቀራል።

በማግስቱ ፖሊስ መጣ፤ ከደበደቡት ጥቂቶቹ ታሰሩ። የልጁ አባትና አጎቶች ከስናን ወረዱ። የጎጃም ሰው ይህን ሲያነብ ምን ልል እንደሆነ ያውቃል፤ ልጁ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ደም ሆኖ በትውልድ የሚቆጠር ነበር። ሽማግሌ ገባ፣ ካሣ ተከፈለ፣ የሆስፒታሉን ወጪ እድሩ ቻለ። አባትየው በመጨረሻ የተናገሩት አንድ ነገር አለ፦ «እኔ ልጄን ወደ እናንተ የላክሁት እናንተ ትጠብቁልኛላችሁ ብዬ ነው።» ያንን ሰምቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው በእድሩ ድንኳን ሥር የተሰበሰብነው፤ ወንዱም ሴቱም፣ ተከራዩም ባለቤቱም። የቀበሌያችን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አባል የሆነ ሳጅንም ጠራን። እሱ የመጣው ሊቆጣን መስሎን ነበር፤ ግን ሕጉን ይዞ መጥቶ አነበበልን። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ተራ ዜጋም ሊይዘው እንደሚችል፣ በአንቀጽ 58 ግን የያዘው ሰው ሳይዘገይ ለቅርብ ፖሊስ ማስረከብ እንዳለበት ነገረን። ከዚያ ሕገ መንግሥቱን ገለጠ። የተከሰሰ ሰው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ እንደሚቆጠር በአንቀጽ 20፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት በአንቀጽ 19 ተጽፏል። «መያዝ መብታችሁ ነው፤ መምታት ግን ወንጀል ነው። ከያዛችሁት በኋላ እጃችሁን ያነሣችሁበት እንደሆነ ተከሳሾቹ እናንተ ትሆናላችሁ» አለ። ብዙዎቻችን ይህን በግልጽ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ስብሰባ ስታደርጉ ፖሊስ ጥሩ፤ ከሱ አፍ ሲሰማ ክብደት ይኖረዋል።

አንድ ሽማግሌም የአውጫጭኝን ነገር አነሡ። በልጅነታቸው ንብረት ሲጠፋ የአገሩ ሰው ሜዳ ላይ ይሰበሰብ ነበር፤ ሁሉም እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል፣ ሌባው ካልታወቀ አገሩ ተዋጥቶ ይከፍላል። «ሰው ከእርሻው ቀርቶ ይውላል፤ ደግሞም ዘመድ የሌለው ድሃ፣ መጻተኛ፣ የሚጠላ ሰው ስሙ ቶሎ ይነሣል» አሉ። ከዚያ ወደኛ ዞረው «እናንተ ደግሞ ሳታወጫጭኙ ፈረዳችሁ» አሉን። ጥርጣሬ መጀመሪያ የሚያርፈው የሚከራከርለት በሌለው ላይ ነው፤ በተከራይ፣ በቀን ሠራተኛ፣ በየቤቱ እየዞረ በሚለምን የቆሎ ተማሪ ላይ። ይህን ሽማግሌው ባይናገሩት ኖሮ የሚቀጥለው ተረኛ ከነዚህ አንዱ ነበር።

ስብሰባው ላይ የተከራከርነው «ሌባን እንዴት እንያዝ» በሚለው አልነበረም። «እሪታ ሲሰማ ማን ምን ያደርጋል?» በሚለው ነበር። ሁሉም ነገር የተቃናው ጥያቄው ከዚህ ከተጀመረ በኋላ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ሌሊት ደንግጦ ከእንቅልፉ ሲነሣ አያስብም፤ ቀን የተስማማበትን ብቻ ነው የሚያደርገው። ቀን ካልተስማማ ደግሞ ዱላውን ይዞ ይሮጣል።

የተስማማነው ይህን ነው። ለየቤቱ አንድ ፊሽካ ተገዛ። አንድ ረጅም ፊሽካ ማለት ሌባ ወይም አደጋ፤ ቶሎ ቶሎ የሚነፋ አጭር አጭር ፊሽካ ማለት እሳት። ሲነፋ ሁሉም ቤት መጀመሪያ የውጭ መብራቱን ያበራል፤ ማንም በሩን ክፍት ጥሎ አይወጣም። ከየቤቱ አንድ ሰው ብቻ ይወጣል፣ ሌላው ቤቱን ይጠብቃል። ብቻውን የሚኖር ከሆነ አይወጣም፤ ከውስጥ ሆኖ ፊሽካውን ይቀባበላል። ከሚወጡት አብዛኞቹ ወደ ድምፁ አይሮጡም፤ ወደ መንገዱ አፍና ወደ ወንዙ መውረጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ሌባ የሚወጣው በዚያ ነውና። ወደ ድምፁ የሚሄዱት በየወሩ የሚቀያየሩ ተረኞች ብቻ ናቸው። የተገኘውን ሰው ባትሪ አብርተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ «ማነህ? የማን እንግዳ ነህ?» ነው። የማን እንደሆነ ከተናገረ ያ ሰው ተጠርቶ ይመጣል። የሚመታ ሰው ደግሞ ሌባውን የመታ ሳይሆን እድሩን የበደለ ተብሎ ይቀጣል፤ ይህ በእድሩ ደንብ ተጽፎ ተፈረመ።

በጣም የተከራከርንበት የመሣሪያው ጉዳይ ነው። በኛ አገር መሣሪያ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሌሊት ፊሽካ ሲሰማ ይዞ መውጣት ይቀናዋል። የእድራችን ዳኛ የራሳቸው ጠመንጃ ያላቸው ናቸው፤ ተነሥተው «እኔ አልይዝም። ጨለማ ውስጥ ጥይት ጎረቤቱን ከሌባው አይለይም» ሲሉ ሌላው ዝም አለ። መሣሪያ ይዞ የሚወጣ ተረኛ እንዳይኖር ተወሰነ። በዚህ ነገር ፈጽሞ አትላሉ።

ቀጥሎ ያደረግነው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ለውጡ ግን ትልቅ ነበር። ተማሪዎቹን ተረኛ አደረግናቸው። እስከዚያ ድረስ ሰፈሩ የሚያያቸው እንደ እንግዳ ነበር። ለፈተና የሚያጠና ልጅ ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ስምንት ሰዓት ነቅቶ ይቆያል፤ እኛ ገንዘብ ከፍለን ዘበኛ ስንፈልግ የነቁ ዓይኖች በየቤቱ ነበሩ። አከራይ ሁሉ የተከራዩን ስም፣ የመጣበትን ቀበሌ፣ የቤተሰቡን ስልክ መዝግቦ አንዱን ቅጂ ለእድሩ እንዲሰጥ ተስማማን። ይህንንም ለተማሪዎቹ ፊት ለፊት ነገርናቸው፤ ለመጠርጠር ሳይሆን የሆነ ነገር ቢደርስባችሁ ወላጆቻችሁን እንድንጠራ ነው አልናቸው። ማታ የሚዘገይ ካለ ለአከራዩ ይደውላል፤ አከራዩ ለተረኛው ይነግራል። ያ የስናኑ ልጅም ክንዱ ሲድን ተመልሶ መጣና እዚያው ቤት ተቀመጠ። በዓመቱ የተማሪዎቹን ተራ የሚያወጣው እሱ ነበር።

የቀብሩንም ነገር አስተካከልን። ለእያንዳንዱ ቀብር ከየመንገዱ ሁለት ሁለት ሰው ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፤ ቀብር እንደተገኘ ይቆጠርለታል። ደንቡ ካልተለወጠ በቀር ይህ አይሠራም፤ ሰው መቀጫ ፈርቶ ይሄዳልና። ፍልሰታና ጥምቀትም በዚሁ መንገድ ነው የምንወጣው። ካህናቱም ደግፈውናል፤ ጎረቤትን መጠበቅ ከቅዳሴ መቅረት አይደለም ብለው በሰንበቴ ላይ ተናገሩልን።

ፈተናው የመጣው በቀጣዩ ዓመት፣ ለፋሲካ ሰው በግና ዶሮ መግዛት በጀመረበት ሰሞን ነው። ሌሊት አንድ ተማሪ ከጎረቤት ግቢ ብረት ሲጋጭ ሰምቶ ፊሽካ ነፋ። መብራቱ ከላይ እስከ ታች በራ። ሌባው ሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ወንዙ ሲወርድ እዚያ የቆሙት ጋር ተፋጠጠ፤ ሲሊንደሩን ጥሎ እጁን አነሣ። አንድ ወጣት ዱላውን ሲያነሣ ዳኛው «አንት ልጅ፣ ተው!» ብለው በቁጣ አስቆሙት። መሬት ላይ አስቀምጠነው፣ ብርድ ስለነበር አንዱ ነጠላ ደርቦለት፣ ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቅን። ፖሊስ ዘግይቶ ነው የመጣው፤ ያ ጊዜ ከሁሉም ይከብዳል። ሰው ቁጣው የሚያገረሸው በመጠበቅ ውስጥ ነውና ሴቶቹ ቡና አፍልተው አመጡ፤ የቆመው ሁሉ ተቀመጠ። ይህን ምክር ከኔ ውሰዱ፤ የተያዘ ሰው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሕዝብ እንዲቀመጥ አድርጉት።

ያ ሰው አልተመታምና ተናገረ። ዕቃውን ለማን እንደሚሸጥ ለፖሊስ አሳየ፤ ገበያው ዳር ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ አንድ መጋዘን ነበር። የኛ የቆጣሪ ገመድ፣ የብዙ ቤት ድስትና ፓምፕ በዚያ ነው ያለፈው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛትና መሸሸግ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገዢው ተከሰሰ። ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ ሌሊቱን ሁሉ የጠበቅንበት ጊዜ ያልሰጠንን ሰላም የመጋዘኑ መዘጋት ሰጠን። መሸጫ ያጣ ሌባ ሲሊንደር ተሸክሞ ምን ያደርጋል? ስለዚህ ሰፈራችሁ ሲሰረቅ ዕቃው የት እንደሚሸጥ ጠይቁ። ያገለገለ ስልክ፣ ፓምፕ፣ ባትሪ ያለ ደረሰኝና ያለ ሻጭ መታወቂያ አትግዙ፤ በርካሽ ያገኛችሁት የጎረቤታችሁ ሊሆን ይችላል። ገጠር ያላችሁ ደግሞ በሬ ወይም በግ ከማታውቁት ሰው ስትገዙ «ዋስ አምጣ» ማለቱን አትተዉ፤ አባቶቻችን ያለ ነገር አላስለመዱትም።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ተከሳሹ በዋስ ወጣ። ሰፈሩ «ይኸው፣ ፖሊስ ለቀቀው፤ ያኔ ብንጨርሰው ይሻል ነበር» ብሎ ተንጫጫ። ዋስትና መብት ነው፤ ነጻ ተባለ ማለት አይደለም። መዝገብ የሚዘጋው በአብዛኛው ምስክር ስለማይቀርብ ነው። ሰው ሥራ ይፈታል፣ ቂም ይፈራል፣ ቀጠሮው ይረዝምበታል። እኛ ምስክርነት የሚሄድን ሰው እንደ ቀብር ተገኚ ቆጠርንለት፣ ብቻውንም አልላክነውም፤ ሁለት ሦስት ሰው አብሮት ይሄዳል። የጠፋው ዕቃ የማን እንደሆነ የምናስረዳውም ያ የእድሩ መዝገብ ላይ በጻፍነው ነበር። ዕቃችሁ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ሲሊንደሩ ላይ ቁጥር በብረት ጭረቱበት፣ ፓምፑ ላይ ስማችሁን ጻፉ። ስልካችሁ ላይ ደግሞ ኮከብ መሰላል ዜሮ ስድስት መሰላል (*#06#) ስትደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጣችሁ ቤት አስቀምጡ። ስልክ ሲሰረቅ መጀመሪያ፣ ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ፣ በ994 ደውላችሁ አዘጉ፤ ቴሌብር ካላችሁ በ127 እሱንም አሳግዱ፣ ከዚያ ወደ ባንካችሁ። ጠዋት እሄዳለሁ ብሎ ያደረ ሰው ሌሊቱን ገንዘቡ ሲወጣ አይተናል።

ጥበቃው ከተሳካ በኋላም የሚመጣ ፈተና አለ። አንዳንድ ተረኞች የባለሥልጣን መንፈስ ያዛቸው፤ መንገደኛን ማስቆም፣ ማታ ከወንድ ጋር የታየችን ልጅ መጠየቅ ጀመሩ። አንድ ሰው ደግሞ ከድንበር ክርክር ጋር በተያያዘ የባላጋራውን ልጅ ስም «የሚጠረጠሩ» ብሎ ጽፎ አመጣልኝ። ወረቀቱን መልሼ ሰጠሁት። የእድር መዝገብ የጠፋ ዕቃ እንጂ የተጠረጠረ ሰው ስም አይያዝበትም። በዚህ ላይ ስብሰባ ጠርተን ተረኛ የሚሠራውን ገደብ አበጀን፤ ጠጥቶ የመጣም ከተራ እንዲወጣ ተደረገ።

ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ አገራችን የገባችበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በዚህ ጊዜ ሌሊት ዱላና ባትሪ ይዞ መንገድ ላይ መቆም ሌላ ትርጉም ሊሰጠው ይችላል፤ የተኩስ ድምፅ በተሰማበት ሌሊትም ማንም መውጣት የለበትም። እኛ የሌሊት ተራውን አቁመናል። እህቴንም ያልኳት ይህንኑ ነው፦ የሰዓት እላፊ ባለበት ቦታ አትውጡ፣ ከቤት ሆናችሁ መብራት አብሩ፣ ፊሽካውን ከውስጥ ተቀባበሉ። አውታረ መረብ በሌለበት ሰሞን ፊሽካው ከስልክ በላይ ጠቅሞናል። የቀን የቀኑ ሥራ ግን አልቆመም፤ መዝገቡ አለ፣ ቀብር ላይ ቤት ጠባቂ አለ፣ አከራይና ተከራይ ይተዋወቃል፣ አጠና ከአጥር ውጭ የሚያስደግፍ የለም። የምታሰባስቡትን ስብሰባ ከምሽቱ ይልቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አድርጉት፤ የቀበሌውንም ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ተከራዮቹን ጥሩ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ብትጀምሩ፣ ቆርቆሮውን ከውስጥ ለማጠናከርም ደንቡን ለማስፈረምም ጊዜ ይኖራችኋል።